ጣሪያ የሌለው ሰኔ

ልጅ እያለሁ ዝናብ እንዳይዘንብ ጸልዬ አውቃለሁ። ያውም በዋግ፣ ያውም በሰኔ፣ ያውም የቄስ ልጅ ሆኜ። አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ «እግዚኦ» እያለ ሰማዩን ሲለምን እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ቆርቆሮው እስኪመጣ ብቻ» እል ነበር። ሰቆጣ ዙሪያ ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ልጆች ዝናብ የቀረበት ሰኔ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን ትፈርዱብኛላችሁ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነበር። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሕድሞ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በወይራ ወራጅ ላይ የተደለደለ አፈር፣ ሰው የሚቆምበት፣ እህል የሚሰጣበት። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ፣ እርጥብ አፈርና የጥቀርሻ ሽታ አንድ ላይ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በበጋ ደግሞ ብናኙ እየረገፈ ወጣችን ውስጥ ይገባል፤ እናቴ «የአያቶቻችሁ ቅመም ነው፣ ብሉ» ትለን ነበር። ውስጡ አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል እኛና መደቡ፣ በሌላው በኩል በሬዎቹና ጥጃዋ፣ መሀል ላይ ምድጃው። በጓዳው ጥግ ደግሞ ጎታው አለ። እናቴ ሙሽራ ሆና በገባችበት ዓመት እዚያው ቤት ውስጥ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት በእጇ የሠራችው ነው። ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ከበሩም ይሰፋል፤ ስለዚህ ከቤት አይወጣም።

እናቴ ፈንታዬ አፏ ስለት ነበር። አባቴን «እኔን የዳሩኝ ለእርስዎ ነው ወይስ ለበሬዎቹ?» ትለዋለች። አባቴ ቄስ ሞላ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ «አያቶቼም እንዲህ ኖረው ነው የሞቱት» ይላታል። «እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል» ትላለች። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ከተማው ውስጥ ቆርቆሮ እዚህም እዚያም ማብረቅረቅ ጀመረ። እናቴ ገበያ ውላ በመጣች ቁጥር የአንዱን ቤት ታወራለች፤ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ ከብቱ ለብቻ፣ ሰው ለብቻ። በመጨረሻ አባቴ ተሸነፈ። ከቤቱ ጎን ማድ ቤትና በረት ሊቀጠል፣ የአፈሩ ጣሪያ ወርዶ ሁሉም ላይ ቆርቆሮ ሊመታ ተስማሙ። ያን ሰሞን የእናቴ ጥርስ አይከደንም ነበር።

ችግሩ ከጓዳው ጋር የሚቀጠለው አዲሱ ማድ ቤት የሚያርፍበት ቦታ ነው። በእኛና በጎረቤታችን በእቴ ታደሉ ቤት መካከል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። መሬቱ የእኛ ነው፤ እቴ ታደሉ ግን ወደ ምንጭም ወደ ቤተ ክርስቲያንም የምትሄደው ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች ነበር። ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የምትኖር ረጅም ሴት ናት። ስትናደድ በኽምጣኛ ነው፣ አማርኛ አይበቃትም። የማድ ቤቱ ግንብ ከወገብ በላይ ከፍ ሲል መጣችና ቆመች። «ፈንታዬ፣ እኔ በየት ልለፍ?» አለች። እናቴም አፏ አያርፍ፣ «ዞረሽ እለፊ፣ እግር አልነሳሽ» አለቻት። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መሬቱ የቄሱ ነው ተባለ። እቴ ታደሉ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና ከእንግዲህ ደጃችሁን አልረግጥም ብላ ሄደች።

ነገሩን ያከፋው አባቴ የንስሐ አባቷ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ባለበት ቤተ ክርስቲያን መምጣቷን ተወች። አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ «ይበርድላታል» አለች፤ እሷ ራሷ ግን ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የእቴ ታደሉን ደጅ ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር።

ቆርቆሮው የሚመጣው በኮረም በኩል በጭነት መኪና ነው። ግንቦት ላይ ይደርሳል ተባለ፤ ግንቦት አለቀ። እናቴ ደግሞ የደቦውን ቀን ቆርጣ ጠላ ጠምቃለች። የቄስ ቤት የሥራ ቀን ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ሰንበት አለ፣ በመሀል የጎረቤት ተዝካር አለ። በበዓል መካከል የተገኘችው አንዲት ቀን ስትደርስ ጠላው ደርሷል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ የሰፈሩ ወንድ ዶማና አካፋ ይዞ ደጅ ቆሟል። ቆርቆሮው ብቻ የለም። ሌላ አገር ቢሆን ሰዉን ይመልሱት ነበር። እኛ ዘንድ ጠላ ከደረሰ ደቦ አይመለስም፤ ነውር ነው፣ ጠላውም ይቆመጥጣል። ግንበኛው አያ ካሳ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ቄሱ፣ ዘንድሮ እንኳን ዝናብ ጤዛም የለ። እናውርደው፣ መኪናው ነገ ከነገ ወዲያ ነው» አለ። አባቴ እናቴን አያት፤ እናቴ ጠላውን አየች። ጣሪያው ወረደ።

ያን ቀን አቧራው ሲበርድ ፀሐይ ገብታበት የማታውቀው ጓዳ ቁልጭ ብሎ ታየ። እኛ ልጆች በደስታ ዘለልን፤ የራሳችን ቤት ውስጥ ቆሞ ሰማይ ማየት ጉድ ነበር። ወንዶቹ ጠላቸውን ጠጥተው መርቀው ሄዱ። እናቴ መሀል ቤት ቆማ ዙሪያውን አየችና «ቤቴ ራቁቱን ቀረ» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው እኔም መፍራት የጀመርኩት።

መኪናው አልመጣም። ኮረም ላይ ተበላሽቷል የሚል ወሬ መጣ። ቀጥሎ አላማጣ ነው ተባለ። ቀጥሎ ገና ከወልድያ አልተነሣም ተባለ። ወሬው ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይቀርብም። እኛ ከግድግዳው ጥግ ሰሌን ጋርደን እንኖር ጀመር። ሰኔ ገፋ፣ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ሆነ። ያለፈው ዓመት አዝመራም ተበላሽቶ ስለነበር ሰው ደነገጠና ምህላ ታወጀ። መሪው አባቴ ነው። አንድ ቀን ከምህላው ስንወጣ አያ ካሳ በሰው ፊት «ቄሱ፣ በአፍዎ አዝንብልን ይላሉ፣ ቤትዎን ደግሞ ከፍተው ትተዋል። እግዜር የቱን ይመን?» አለው። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ያስጨነቀን ዕቃው አልነበረም፤ ጎታው ውስጥ ያለው ገብስ ነው። የሚበላው እህል አልቆ በእርዳታ ስንዴ እያብቃቃን ነበር። ያ ገብስ ግን ዘር ነው። እሱ ከጠፋ የሚዘራ የለም፣ የሚዘራ ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት የለም። ዘር የገባበት ጎታ አፉ በጭቃ ታትሞ እስከ ዘር ቀን አይነካም፤ ከነኩት ነቀዝ ይገባዋል፣ በረከት ይርቀዋል ይባላል። ጎታ ደግሞ ያልተተኮሰ ጭቃ ነው፣ ውሃ ካገኘው ይሟሟል። እናቴ የምንተኛበትን የበሬ ቆዳ ጀንዲ ደረበችበት፣ በጀንዲው ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ድንጋይ ጫነች። ጠዋት ተነሥታ የምታየው ሰማይ ነው፤ ስታዋራን እንኳ ዓይኗ ወደ ላይ ነው። በእኛው በዋግ ዝቋላ በኩል የዳመና ቁራጭ ብቅ ሲል ሌላው እልል ሊል ይቃጣዋል፣ እሷ ደረቷን ትይዛለች።

ባይዘንብ ዘሩ የት ይዘራል? ቢዘንብ ዘሩ ይጠፋል። ሁለቱን ጸሎት አንድ ልብ ውስጥ ይዞ መዋል ምን እንደሚያደርግ ከእናቴ ፊት አየሁት፤ ያን ሰሞን ከሳች። «ዘሩን ሰው ቤት ብናስቀምጠውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቅርቡ ቤት የእቴ ታደሉ ነበር። እናቴ ድርቆሽ ልታመጣ ተነሣች። በኋላ ለበሬዎቹ እያደለች ስታለቅስ ሰማኋት፤ «ከእናንተ ጋር ብኖር ምን ነበረበት» እያለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሁሉ ምህላ ላይ ሆኖ በዝቋላ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እናቴ የዚያን ቀን ልቧ አልሰጣትም ነበርና እኔና እሷ ከቤት ቀርተናል። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ሰሌኑን ከነድንጋዩ ገለበጠው። ከቤተ ክርስቲያኑ የእግዚኦታው ድምፅ ይሰማናል፣ ከመሀሉም የአባቴን ድምፅ እለየዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወድቁ ያ ሁሉ ልቅሶ ወደ እልልታ ተለወጠ። አገር እልል ሲል እናቴ «ወይኔ ልጆቼን» አለች።

ዝናቡ በረዶ የተቀላቀለበት ነበር። ጀንዲውን ይዤ እጎትታለሁ፣ ነፋሱ ከእጄ ይነጥቀኛል። እናቴ ጎታውን በሁለት እጇ አቅፋ ደረቷን ለጥፋበት ቆመች፣ በሰውነቷ ልትሸፍነው። የጎታው ትከሻ ግን ቡናማ ውሃ ማፍሰስ ጀምሯል። ያን ጊዜ ግንቡ ላይ ሰው አየሁ። እቴ ታደሉ ናት። መንገዷን በዘጋንበት ግንብ ላይ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። እንቅብና ስልቻ ወደ ውስጥ ወረወረችና ዘላ ወረደች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ስበሪው» አለቻት እናቴን።

እናቴ ወይ አልገባትም፣ ወይ ልትሰማ አልፈለገችም። «ፈንታዬ፣ ጎታውን ስበሪው። በላይ በኩል እስክንቀዳ አይጠብቀንም» አለች እቴ ታደሉ። እናቴ እንዳቀፈችው ራሷን ነቀነቀች። እቴ ታደሉ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ተናግራ የአያ ካሳን መዶሻ ከመሬት አነሣችና እናቴ እጅ ውስጥ አስገባችው። ራሷ ልትመታው ትችል ነበር፤ ግን የሰው ጎታ ሌላ ሴት አትሰብርም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና መታችው።

ገብሱ እግራችን ላይ ፈሰሰ። እናቴ በእንቅቡ እየሞላች ትሰጠኛለች፣ እኔ ግንቡን እንደ ፈረስ ተፈናጥጬ እቀበላለሁ፣ እቴ ታደሉ በወዲያ በኩል ተቀብላኝ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በረዶው ራሴን ይመታኛል፣ ድንጋዩ ጭኔን ልጦታል፣ እጄ አይሰማኝም። ከጎታው በታች የቀረው ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ፤ እናቴ እሱንም በእጇ እየዛቀች ሰጠችኝ። አባቴ ጥምጥሙ ውሃ እያንጠባጠበ ሲደርስ ጎታው የለም፣ ቤቱ መሀል ቡናማ ኩሬ ተኝቷል። እቴ ታደሉን ግንቡ ላይ አያት። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ወደ ቤቷ ወርዳለች። ተንበርክኮ ከጭቃው ውስጥ ፍሬ መልቀም ጀመረ።

ቆርቆሮው በዚያው ሰሞን ምንም እንዳልተፈጠረ ዘና ብሎ ደረሰ። ተመታ፣ ማድ ቤቱም ተከደነ። ማንም ደስ አላለውም። ዘሩ እቴ ታደሉ ቤት ነው፣ የረጠበ ገብስ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ይሞቃል፣ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። እናቴ ሄዳ ማየት አልቻለችም። ሄዶ ማየት አለማመን ነው፤ አለመሄድ ደግሞ አንጀት ይቆርጣል። ስለዚህ እኔ ተላክሁ። ግንቡን ተንጠላጥዬ ሳይ እቴ ታደሉ ጣሪያዋ ላይ ገብሱን አስጥታ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በእግሯ እያገላበጠች፣ ቁጭ ብላ እየለቀመች ነበር። «ለእናትሽ ደኅና ነው በያት» አለችኝ። ሽታው ግን እርሾ እርሾ ይል ነበር። ይህንንም ለእናቴ ነገርኳት፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሐምሌ ሲገባ ዘሩን ውሰዱ የሚል መልእክት መጣ። አባቴ አህያ ይዞ ሄደ። ገብሱ በጎታው ጭቃ ተለውሶ ጠቁሯል፤ ደርቋል ግን፣ ስልቾቹም ሙሉ ነበሩ። አባቴ ሊያመሰግናት ሲጀምር «ቄሱ፣ ሰማዩ ሳይዞርብዎ ይዝሩ» ብላ በሯን ዘጋችበት። ተዘራ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ከሁሉ የከፋ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ማሳው ዳር ቆማ አፈሩን ታያለች፤ የሞተ ዘር ይሁን ያለ ዘር ከላይ አይታወቅም። አንድ ጠዋት ስትሮጥ መጣች፤ አባቴ ክፉ ነገር መስሎት ተነሣ። በቅሏል ልትለው ፈልጋ ትንፋሽ አጠራት።

መስከረም ላይ ገብሱ ሲያሸት አባቴ ሁላችንንም ጠርቶ ማሳው ዳር አቆመን። ከነጩ ዛላ መሀል ጥቁር ዛላ ነበረበት። እዚህ አንድ እዚያ አንድ አይደለም፤ ከማሳው ግማሹ ጥቁር ነው። እኛ ጥቁር ገብስ ዘርተን አናውቅም። በዚያ ሰፈር የጥቁር ገብስ ዘር ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር። ስንዘራው ፍሬው ሁሉ በጭቃ ስለጠቆረ አላስተዋልንም። ለካ የበሰበሰውን የእኛን እየለቀመች ጥላ በራሷ ስትተካው ኖራለች። አባቴ ቀና ብሎ ወደ እቴ ታደሉ ማሳ አየ፣ እኛም አየን። ግማሹ ጦም አድሯል። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ የባል አልባ ሴት መሬት ነውና የሚያርስላት አጥታ መስሎን ነበር።

እናቴ ልታመሰግናት አልሄደችም። አያ ካሳን አስጠራችና የአዲሱን ማድ ቤት ግድግዳ፣ ያን ያህል የተጣሉበትን ግንብ፣ እዚህ ጋ በር አውጣልኝ፣ ከፊት ለፊቱም ሌላ በር አውጣልኝ አለችው። «ማድ ቤት ሁለት በር ምን ሊያደርግለት?» አለ አያ ካሳ። «ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው» አለችው። ገብሱ ሲወቃም ግማሹ የገባው በዚያው በር ወደ እቴ ታደሉ ቤት ነው። እቴ ታደሉ እንስራዋን አዝላ በማድ ቤታችን መሀል ማለፍ ጀመረች። መጀመሪያ ዝም ብላ፣ በኋላ «እንዴት አደራችሁ» እያለች፣ በኋላ እንስራዋን አውርዳ ቁጭ እያለች። እናቴ ስትመኘው የኖረችው ማድ ቤት ነፋስ የሚያላጋው መተላለፊያ ሆነ። እሳቱ አልያዝ ሲላት ትነጫነጫለች፤ በሮቹን ግን እቴ ታደሉ እስክትሞት ድረስ አልዘጋቻቸውም።

እናቴም አሁን የለችም። እኔ ደሴ ቤት ሠርቻለሁ፤ አምና ደግሞ ለልጆቼ ብዬ ሁለት ክፍል ጨመርኩበት። ሁሉም የየራሱ ክፍል አለው፣ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከላይ የሚረግፍ ብናኝ የለ፣ ከጎን የሚተነፍስ በሬ የለ። እናቴ ብታየው ጥርሷ አይከደንም ነበር። ግንበኛው አጥሩን ከፍ አድርጎ ሲጨርስ «የጠርሙስ ስባሪ እንትከልበት?» አለኝ። የሰፈሩ ሁሉ ተክሏል። እኔም እሺ አልኩ፤ ጎረቤቴ ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም።

ሰኔ ሲገባ ታዲያ አሁንም ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ልጆቼ ጣሪያውን የማይ ይመስላቸዋል። የማየው አጥሩን ነው። በዚያ ስባሪ ላይ ማንም ሰው በባዶ እግሩ አይወጣም።